ዝናብና እርጥበት በሙቀት ስሜት ላይ፦ የጣና ዳርቻ ዳሰሳ

በጣና ሐይቅ ደቡባዊና ምሥራቃዊ ዳርቻ፣ ማለትም በባሕር ዳርና ከዚያ ወደ ወረታ በሚያመራው አውራ ጎዳና ላይ በምትገኘው በሐሙሲት አካባቢ፣ የቀትር ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ ከሰው አናት በላይ ቀጥ ብላ ትቆማለች፤ አንደኛው በሚያዝያ 12 ገደማ፣ ሁለተኛው በነሐሴ 16 ገደማ ነው። ሙቀትን የሚወስነው የፀሐይ አቀማመጥ ብቻ ቢሆን ኖሮ ሁለቱ ወቅቶች እኩል በሞቁ ነበር፤ ይሁን እንጂ የባሕር ዳር የቀን ከፍተኛ ሙቀት በሚያዝያ በአማካይ ወደ 30 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሲጠጋ፣ በነሐሴ ወደ 24 ዲግሪ ገደማ ዝቅ ይላል። በሁለቱ መካከል የገባው ክረምቱ ነው፤ ከዓመቱ 1,400 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ውስጥ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት ወራት ስለሚወርድ፣ ያው ፀሐይ በሚያዝያ ደረቅ መሬትና ጥርት ያለ ሰማይ፣ በነሐሴ ደግሞ ጭቃና ደመና ታገኛለች።

በዚህ አካባቢ የሚኖር ሰው «ዝናቡ ሲመጣ ሙቀቱ በረደልን» ማለቱ ስለዚህ እውነትነት አለው። በሌላ በኩል ስለ ሙቀት የሚጻፉ የሕክምናም ሆኑ የሜትሮሎጂ መጻሕፍት በአንድ ድምፅ የሚናገሩት የአየር እርጥበት ሙቀትን እንደሚያከፋ ነው፤ ይህንም የጣና ዳር ነዋሪ በግንቦት ማብቂያ ደመናው ተሸክሞ ሳይዘንብ ሲቀር፣ ነፋሱም ጸጥ ሲል ከሚሰማው ወበቅ ያውቀዋል። ዝናብ እርጥበትን ይጨምራል፣ እርጥበት ሙቀትን ያከፋል፣ ዝናብ ግን ሙቀትን ያበርዳል የሚሉት ሦስት አባባሎች ሲያዩአቸው የሚጋጩ ይመስላሉ። የማይጋጩት ዝናብ የሚያበርድበት መንገድና እርጥበት የሚያከፋበት መንገድ የተለያዩ ስለሆኑ ነው፤ የትኛው እንደሚያይል የሚወስኑትም የቦታው ከፍታና የፀሐዩ መጋረድ ወይም አለመጋረድ ናቸው።

ነገሩን ለመረዳት ከሰው ገላ መጀመር ያስፈልጋል። ሰው ሥራ ፈትቶ በተቀመጠበት እንኳ ገላው 100 ዋት ያህል ሙቀት ያመነጫል፤ ሲቆፍር፣ ሲያርም ወይም ሸክም ተሸክሞ ዳገት ሲወጣ ደግሞ ይህ መጠን ሦስትና አራት እጥፍ ይሆናል። ይህ ሙቀት ካልወጣ የውስጥ አካል ከ37 ዲግሪ አልፎ መውጣት ይጀምራል፣ 40 ዲግሪ ሲደርስም ሕይወትን አደጋ ላይ ይጥላል። የቆዳ ሙቀት 35 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ፣ አየሩ ከዚያ በታች እስከሆነ ድረስ የተወሰነው ሙቀት በነፋስና በጨረራ ይወጣል፤ አየሩ ወደዚያ ሲጠጋ ወይም ሥራው ሲከብድ ግን ዋናው መውጫ ላብ ነው። አንድ ሊትር ላብ ከቆዳ ላይ ሲተን 2,400 ኪሎ ጁል ያህል ሙቀት ይዞ ይሄዳል፤ ውኃ ከፈሳሽነት ወደ ተን ሲለወጥ የሚወስደው ይህ ጉልበት በሳይንሱ ስውር ሙቀት ይባላል። ሆኖም ላብ የሚያቀዘቅዘው ሲተን እንጂ ሲንጠባጠብ አይደለም፤ ከግንባር ወርዶ መሬት ላይ የሚፈስ ላብ ገላውን ውኃና ጨው ከማሳጣት በቀር የሚሰጠው ጥቅም የለም። አየሩ ቀድሞውኑ በተን ከተሞላ ትነቱ ይዘገያል፣ ቆዳው ርሶ ይውላል፣ ልብስም ይጣበቃል፤ ወበቅ የሚባለው ስሜት በአመዛኙ ይኸው የቆዳ መርጠብ ነው።

እዚህ ላይ ሁለት ልማዳዊ ስሕተቶችን ማረም ይገባል። የመጀመሪያው እርጥብ አየር ከባድ ነው የሚለው ነው፤ የውኃ ተን ቅንጣት ከናይትሮጂንና ከኦክስጂን ቅንጣት የቀለለች ስለሆነች፣ በእኩል ሙቀትና በእኩል ግፊት እርጥብ አየር ከደረቅ አየር ይቀላል፤ የሚከብደው የሰውየው ገላ ነው። ሁለተኛውና ብዙ ሰው የሚሳሳትበት የአንጻራዊ እርጥበት አነባበብ ነው። አንጻራዊ እርጥበት ማለት በአየሩ ውስጥ ያለው ተን በዚያ ሙቀት ሊኖር ከሚችለው ከፍተኛ መጠን ስንት እጅ እንደሆነ የሚገልጽ የመቶኛ ቁጥር ሲሆን፣ ይህ ከፍተኛ መጠን ራሱ በየአንዳንዱ ዲግሪ 6 ወይም 7 ከመቶ እየጨመረ ይሄዳል። በዚህም ምክንያት 15 ዲግሪ በሆነ ጠዋት ጭጋግ ለብሶ 100 ከመቶ የሚነበብ አየር፣ 30 ዲግሪ በሆነ ከሰዓት 50 ከመቶ ብቻ ከሚነበበው አየር ያነሰ ተን የያዘ ነው። ጠዋት የታየን ከፍተኛ መቶኛ ከቀትር ሙቀት ጋር አጣምሮ «ዛሬ 30 ዲግሪና 95 ከመቶ ነው» ማለት ስለዚህ ሁለት የማይገናኙ ሰዓቶችን ማጋባት ነው። ከመቶኛው ይልቅ ታማኝ የሆነው መለኪያ የጤዛ ነጥብ ነው፤ ይህም አየሩ ጤዛ መጣል እስኪጀምር ድረስ መቀዝቀዝ ያለበት የሙቀት መጠን ሲሆን፣ ተኑ እስካልተለወጠ ድረስ ቀኑን ሙሉ ብዙም ሳይለዋወጥ ይውላል።

ትነት የሚያስገኘውን ቅዝቃዜ ለማየት በብዙ ቤት ከሚገኘው ከሸክላ እንስራ የተሻለ ማሳያ አይገኝም። ውኃው በሸክላው ቀዳዳዎች እየሰረገ በውጭ ገጹ ላይ ይተናል፣ ሲተንም የእንስራውን ሙቀት ይወስዳል፤ በመጋቢትና በሚያዝያ ከእንስራ የሚቀዳ ውኃ ጥርስ የሚያቀዘቅዘው፣ በነሐሴ ግን ያው እንስራ ያን ያህል የማይረዳው በዚህ ምክንያት ነው። ተመራማሪዎች ይህንኑ የሚለኩት ጫፉ በእርጥብ ጨርቅ በተጠቀለለ ቴርሞሜትር ሲሆን፣ ንባቡም እርጥብ ንባብ ይባላል፤ በትነት ብቻ ሊደረስበት የሚችለውን ዝቅተኛ ሙቀት ያሳያል። ስሌቱ ለጣና ዳርቻ ሲሠራ የሚገኘው ውጤት ያልተጠበቀ ነው። በሚያዝያ ከሰዓት አየሩ 29 ዲግሪ፣ አንጻራዊ እርጥበቱ 30 ከመቶ ቢሆን፣ በዚህ ከፍታ እርጥብ ንባቡ 16.5 ዲግሪ ገደማ ይሆናል፤ በነሐሴ 24 ዲግሪና 65 ከመቶ ቢሆን ደግሞ ወደ 19 ዲግሪ ይወጣል። በቴርሞሜትር 5 ዲግሪ የቀዘቀዘው የነሐሴ ቀን፣ ለላብ ከሆነ ከሚያዝያው የባሰ ነው ማለት ነው። ሰው ይህን የማያስተውለው በነሐሴ 24 ዲግሪ ውስጥ፣ ያውም በደመና ጥላ ሥር፣ ብዙ ማላብ ስለማያስፈልገው ነው።

ከፍታም የራሱ ድርሻ አለው። የጣና ሐይቅ ገጽ ከባሕር ወለል በላይ 1,786 ሜትር ገደማ ላይ ስለሚገኝ፣ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ላይ ካለው በአንድ አምስተኛ ገደማ ያንሳል፤ ግፊቱ ባነሰ መጠን ትነት ይቀልላል፣ በዚህም ምክንያት ከላይ የተጠቀሰው የሚያዝያ እርጥብ ንባብ በባሕር ወለል ላይ ቢሰላ አንድ ዲግሪ ያህል ከፍ ይል ነበር። ስስ አየር ግን የሚሰጠውን ያህል ይወስዳል፤ የፀሐይ ጨረር በቀጭን አየር ውስጥ ብዙም ሳይዳከም ስለሚያልፍ በሚያዝያ ቀትር በገበያ መሬት ላይ የተቀመጠች ሻጭን የሚጠብሳት የአየሩ 29 ዲግሪ ሳይሆን ከላይ የሚወርደውና ከመሬቱ የሚመለሰው ጨረር ነው። በዋርካ ጥላ ሥር ያለውና ከጥላው ሁለት እርምጃ ርቆ ያለው አየር በቴርሞሜትር አንድ ሲሆኑ፣ በስሜት ግን የሁለት አገር ያህል ይራራቃሉ። በወይና ደጋው የጣና ዳርቻ የሙቀት ስሜት ገዥ ከእርጥበት ይልቅ ጨረር ነው የሚለው ብያኔ የሚነሣው ከዚህ ነው።

ዝናብ ሲመጣ በመጀመሪያ የሚያደርገው ይህን ገዥ መጋረድ ነው። የክረምቱ ዝናብ ምንጭ ከደቡብ ምዕራብ፣ ከጊኒ ባሕረ ሰላጤና ከኮንጎ ተፋሰስ በኩል፣ እንዲሁም ከሕንድ ውቅያኖስ የሚመጣው እርጥብ አየር ሲሆን፣ የሰሜንና የደቡብ ነፋሳት የሚገናኙበት ቀበቶ በሐምሌና በነሐሴ ወደ ሰሜን ሲወጣ ደመናው በአገሩ ላይ ይረጋል። ደመናው የቀኑን ፀሐይ ይከለክላል፤ ጠብታዎቹ ሲወርዱ በከፊል እየተነኑ በዙሪያቸው ያለውን አየር ያቀዘቅዛሉ፤ ዶፍ ሊወርድ ሲል ቀድሞ የሚመጣው ቀዝቃዛ ነፋስም ከዚሁ የቀዘቀዘ አየር ቁልቁል መውረድ የተነሣ ነው። ሦስተኛውና ለሳምንታት የሚቆየው ውጤት የመሬቱ መርጠብ ነው። ደረቅ መሬት የተቀበለውን የፀሐይ ጉልበት አየሩን ለማሞቅ ያውለዋል፤ እርጥብ መሬትና ቅጠል ግን አብዛኛውን ለትነት ስለሚከፍሉት አየሩ ሳይግል ይቀራል። ይኸው ትነት ተን መሆኑን ግን መርሳት አይገባም፤ ዲግሪው የቀነሰው በእርጥበት ዋጋ ነው።

ዝናቡ በየትኛው ሰዓት ይዘንባል የሚለውም በስሜቱ ላይ ልዩነት ያመጣል። አለምሰገድ ታምሩ ኃይሌና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተሙት ጥናት በጣና ተፋሰስ በተራሮቹ ላይ ዝናቡ ከሰዓት በኋላ፣ በሐይቁና በደቡባዊ ዳርቻው ግን ሌሊት እንደሚያይል አሳይተዋል። ቀን መሬቱ ከሐይቁ ፈጥኖ ስለሚሞቅ ነፋሱ ከሐይቁ ወደ የብስ ይነፍሳል፣ ሌሊት ግን ይገለበጣል፣ ከዙሪያው የሚወርደው ቀዝቃዛ አየርም በሐይቁ ላይ ተገናኝቶ ደመና ያቆማል። ሌሊት የዘነበ ዝናብ እንቅልፍን ያሳምራል፤ ጠዋት ሰማዩ ከጠራ ግን ፀሐይዋ ከእርጥብ መሬት ጋር ትገጥማለች። ጥላው ሄዷል፣ ተኑ ቀርቷል፣ ነፋሱም ገና አልተነሣም፤ በጳጉሜንና በመስከረም መጀመሪያ ከረፋዱ ሦስትና አራት ሰዓት ላይ የሚሰማው የሚያጣብቅ ሙቀት የዚህ ግጥሚያ ውጤት ነው።

በግንቦት የሚመጣው ወበቅ መልኩ ሌላ ነው። በዚህ ጊዜ እርጥቡ አየር ደርሷል፣ መሬቱ ግን ገና እንደጋለ ነው፤ ደመናው ቀን በሙሉ አይጋርድም፣ ሌሊት ግን ከመሬት ወደ ሰማይ የሚያመልጠውን ሙቀት አፍኖ ይይዛል። በጥር በባሕር ዳር ከቀን ወደ ሌሊት ሙቀቱ እስከ 20 ዲግሪ ሊጠጋ በሚችል ልዩነት ይወርዳል፤ በክረምት ልዩነቱ ወደ 10 ዲግሪ ገደማ ይጠብባል። ሰው በቀን ያከማቸውን ሙቀት የሚያራግፈው ሌሊት ስለሆነ፣ የግንቦት ምሬት በቀትሩ ሳይሆን እንቅልፍ በማጣቱ ይለካል። ካፊያ ቢጥልም ብዙ አያስተርፍም፤ ጥቂት ሚሊ ሜትር በጋለ አፈርና አስፋልት ላይ ወርዶ በግማሽ ሰዓት ተንኖ ያልቃል፣ የጤዛ ነጥቡን ግን ከፍ አድርጎ ይሄዳል።

ቤቱም ለዚህ አስተዋጽኦ ያደርጋል። ኮርኒስ የሌለው ቆርቆሮ ቤት በሚያዝያ ከሰዓት ከውጭው ጥላ ይልቅ ይሞቃል፤ ምክንያቱም የጋለው ቆርቆሮ በጨረር ሙቀቱን በቀጥታ በነዋሪው ራስ ላይ ስለሚያወርድ ነው። ቆርቆሮ ቀጭን ስለሆነ ግን የመጀመሪያው ዝናብ ጠብ ሲልበት በደቂቃዎች ውስጥ ይቀዘቅዛል፤ የዝናብ እፎይታ እንዲህ በግልጽ የሚሰማበት ሌላ ቦታ የለም። የሣር ክዳን ያለው ጎጆ ቀን ጨረሩን ስለሚመክት እምብዛም አይሞቅም፣ ዝናቡ ሲመጣም እምብዛም አይለወጥም። በነሐሴ ሌሊት ነገሩ ይገለበጥና የተኛው ሰው ትንፋሽና የቤቱ ተን በቆርቆሮው ውስጠኛ ገጽ ላይ ተጠራቅሞ መንጠባጠብ ይጀምራል፤ የጤዛ ነጥብን ለማስረዳት ከዚህ የቀረበ ማስረጃ አይገኝም።

የሐይቁ ድርሻ ብዙ ጊዜ ከሚገባው በላይ ይጋነናል። ጣና 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት ያለው፣ በአማካይ 8 ሜትር ገደማ ብቻ ጥልቀት ያለው ሐይቅ ሲሆን፣ ከገጹ በየዓመቱ የሚተነው ውኃ በዓባይ በኩል ከሚወጣው ይበልጣል። ይህን ያህል ተን ዳርቻውን የወበቅ አገር ያደርገዋል ብሎ መገመት ቀላል ነው፤ ሆኖም በበጋ ከሐይቁ የሚነፍሰው የቀን ነፋስ የሚያመጣው ተን ከሚያመጣው ቅዝቃዜና እንቅስቃሴ ያነሰ ስለሆነ፣ ለባሕር ዳር የሐይቅ ዳር ጎዳናዎች ጥቅሙ ያመዝናል። ሐሙሲት ከዳርቻው ገባ ስለምትል ከዚህ ነፋስ የምታገኘው ያንሳል።

ከሐይቁ ይልቅ እርጥበት ከሥራ ጋር ተያይዞ የሚከብደው በሩዝ ማሳ ነው። ከሐሙሲት በስተሰሜን በጉማራና በርብ ወንዞች መካከልና ዙሪያ የተዘረጋው የፎገራ ሜዳ በክረምት ውኃ ይተኛበታል፤ በሐምሌና በነሐሴ ሩዝ የሚያርመው ገበሬ እግሩ በውኃ ውስጥ፣ ወገቡ ጎንበስ ብሎ፣ ፊቱ ከውኃው ገጽ ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ ሆኖ ይውላል። በቡቃያው መካከል ነፋስ ስለማይገባ ፊቱ የሚቀበለው አየር ከላይ ካለው ይልቅ በተን የተሞላ ነው። በዝናቡ ጊዜ የሚለብሰውም ነገር ያከፋል ወይም ያቀላል፦ ከሣር የሚጎነጎነው ገሳ ዝናቡን እያንሸራተተ በጎንና በሥር አየር ያስገባል፣ እየተካው ያለው ላስቲክ ግን ዝናቡን አግዶ ላቡንም አብሮ ያግዳል፣ ገበሬውም ከውጭ ሳይዘንብበት ከውስጥ ይርሳል። ገሳው ቅዝቃዜን ከመከላከል ባለፈ ስለ ትነትም ታስቦ የተሠራ ይመስላል፤ ላስቲክ ያሸነፈው በዋጋውና በክብደቱ ነው።

እርጥበት በእውነት ጉልበቱን የሚያሳየው ግን ከደጋው ሲወረድ ነው። በየክረምቱ ከጎንደርና ከጎጃም ደጋማ ወረዳዎች ብዙ የቀን ሠራተኞች ለሰሊጥና ለማሽላ አረም፣ ቆይቶም ለአጨዳ ወደ መተማና ወደ ሁመራ ይወርዳሉ። የመተማ ቆላ በሚያዝያ 40 ዲግሪ ይደርሳል፤ የታወቀውም በዚህ ነው። አንጻራዊ እርጥበቱ 20 ከመቶ ቢሆን እርጥብ ንባቡ 22 ዲግሪ ገደማ ነው። በነሐሴ 32 ዲግሪና 65 ከመቶ ሲሆን ግን እርጥብ ንባቡ ከ26 ዲግሪ ያልፋል። ቴርሞሜትሩ 8 ዲግሪ ወርዶ ሳለ ለሚያርም ሰው ቀኑ ከብዷል፤ በጣና ዳርቻ መታደግ የሆነው ያው ክረምት እዚያ ሸክም ነው፣ ምክንያቱም ደመናው ሲገለጥ ፀሐዩም፣ ሙቀቱም፣ ተኑም በአንድ ላይ ይመጣሉ። ገላ ለሙቀት የሚለምደው፣ ማለትም ቶሎ ማላብና ጨው መቆጠብ የሚጀምረው፣ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ሲሠራበት ነው፤ ከደጋ በአንድ ቀን በመኪና ወርዶ በማግስቱ ማሳ የሚገባ ወጣት ይህን ጊዜ አያገኝም፤ የሚከፈለውም በሠራው ልክ ከሆነ ቀስ ብሎ የመጀመር ዕድል የለውም። በዚያ ወቅት ወባ ስለሚበረታ በሙቀት የተጎዳ ሰው ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ በወባ ሊሳበብ ይችላል፣ የተገላቢጦሹም እንዲሁ።

ስሜትን በቁጥር ለመግለጽ የተሞከሩት መለኪያዎች ብዙ ናቸው። በ1950ዎቹ በአሜሪካ በባሕር ኃይል እግረኛ ምልምሎች ሥልጠና ላይ በሙቀት የሚወድቁ ወጣቶች ስለበዙ የተዘጋጀው መለኪያ ከእርጥብ ንባብ 70 ከመቶ፣ በፀሐይ ከተቀመጠ ጥቁር ሉል ውስጥ ካለ ቴርሞሜትር 20 ከመቶ፣ ከተራው ቴርሞሜትር ደግሞ 10 ከመቶ ወስዶ የሚደምር ነው። ካናዳ በ1965 የራሷን የእርጥበት መለኪያ ጀመረች። ሮበርት ስቴድማን በ1979 ያወጣው ስሌት ዛሬ በስልክ ላይ «የሚሰማው ሙቀት» ተብሎ ለሚታየው ቁጥር አባት ሆኗል (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ስቴድማን የወሰደው ሰው በጥላ ሥር፣ በቀላል ነፋስ፣ በባሕር ወለል ግፊት የሚራመድ ነበር፤ ስለዚህ ከ27 ዲግሪ በታች ሠንጠረዡ ብዙም አይናገርም፣ ስለ ጨረርም ዝም ይላል። ለባሕር ዳር ነዋሪ በሚያዝያ ስልኩ «የሚሰማው ሙቀት 28» ብሎ ከእውነተኛው ዲግሪ ያነሰ ቢያሳየው፣ ስለ ጥላው እውነት ቢሆንም ፀሐይ ላይ ለቆመ ሰው የሚጠቅም ዜና አይደለም። ለጣና ዳርቻም ሆነ ለመተማ የሚስማማው ጥቁሩን ሉል የሚያካትተው የመጀመሪያው መለኪያ ነው።

የመጨረሻው ወሰን የት ነው ለሚለው ጥያቄ ስቲቨን ሸርዉድና ማቲው ሁበር እ.ኤ.አ. በ2010 የሰጡት መልስ እርጥብ ንባብ 35 ዲግሪ ነው፤ በዚያ ደረጃ ጤነኛ ሰው በጥላ ሥር ያለ ሥራ ቢቀመጥ እንኳ ገላው ሙቀት ማውጣት አይችልም። በ2022 በአሜሪካ ፔንሲልቬንያ ጤነኛ ወጣቶችን በሙቀት ክፍል ያጠኑ ተመራማሪዎች ግን ወሰኑ ወደ 31 ዲግሪ እንደሚወርድ አገኙ። የጣና ዳርቻ ከዚህ እጅግ ርቆ ይገኛል። ለወሰኑ ቅርብ የሆነው የቀይ ባሕርና የጅቡቲ ጠረፍ ነው፤ 37 ዲግሪና 60 ከመቶ የሆነ የባሕር ጠረፍ አየር እርጥብ ንባቡ 30 ዲግሪ ስለሚሆን፣ ወደ ጅቡቲ ወደብ የሚመላለስ የከባድ መኪና አሽከርካሪ በአንድ ጉዞ ከደጋው ነፋስ ወደዚህ ወሰን አፋፍ ይወርዳል። ደረቅ ሙቀት ግን ገዳይ አይደለም ማለት አይቻልም፤ በ2024 በመካ የሐጅ ሥርዓት ላይ ከ1,300 በላይ ሰዎች የሞቱት ሙቀቱ ከ50 ዲግሪ ባለፈበት ደረቅ አየር ውስጥ ነበር፤ አየሩ ከቆዳ በላይ ሲሞቅና ፀሐይ ሲጨመርበት የጠፋው ላብ ካልተተካ ትነቱ ብቻውን አያድንም።

በተቃራኒው ጫፍ፣ ሙቀቱ ከ20 ዲግሪ በታች ሲወርድ እርጥበት ወገኑን ይለውጣል። የረሰ ጋቢና የረሰ ጫማ ከደረቁ ይልቅ የገላን ሙቀት ፈጥነው ስለሚያስወጡ፣ በደብረ ታቦርና በጉና ተራራ ግርጌ የነሐሴ 15 ዲግሪ ከኅዳር 15 ዲግሪ የከፋ ብርድ ሆኖ ይሰማል።

የአየር ትንበያ ለሕዝብ ሲነገር የተለመደው የቀኑን ከፍተኛና ዝቅተኛ ሙቀት መጥቀስ ነው፤ ለወይና ደጋው ከተማ ይህ ብዙ ጉዳት የለውም፣ ምክንያቱም ዲግሪውና ስሜቱ በአብዛኛው አብረው ይሄዳሉ። ለቆላው ግን ያሳስታል፦ ሐምሌ ሲገባ የመተማ ቁጥር ሲወርድ ያየ አሠሪ የዕረፍት ሰዓቱን ሊያሳጥር ይችላል፣ ያውም የጤዛ ነጥቡ በሚወጣበት ሳምንት። የጤዛ ነጥብ ከጣቢያዎች በየዕለቱ ከሚነበበው ሙቀትና እርጥበት በቀላሉ ስለሚሰላ አዲስ መሣሪያ አይጠይቅም፤ ጥቁር ሉሉም በጥቁር ቀለም የተቀባ ባዶ የመዳብ ኳስና አንድ ቴርሞሜትር ነው። ለአረም በሚወርዱበት ወራት ከዲግሪው ጎን እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ማሳወቅ፣ የሥራ ሰዓቱንም ከረፋድ ወደ ማለዳና ወደ ማምሻ ለመግፋት መነሻ ይሆናል።